የዳማ ሕመም

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ የሱቄን በር ከፍቼ የስፌት መኪናዬን አቧራ ስጠርግ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ሰተት ብሎ ገባ። የዛሬ መኪና እንዲህ አይሸትም። ግማሹ ናፍጣ ነው፤ ግማሹ ቤንዚን ቢሆንም ጨዋ ሆኖ ያልፋል፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መጥተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላ ደርሰው ሰውን በድንጋጤ ሊገድሉት ነው። ይሄ ግን የድሮው ሽታ ነበር፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ ሞተር ለማስነሳት ሲታገሉ የሚወጣው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ኮት ውስጥ ገብቶ የሚከርመው። መቀሴን አስቀምጬ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ ጥቁር ጭሷን እየተፋች ዳማ ቆማለች።

ዳማ የጓደኛዬ የሸዋንግዛው ላንድሮቨር ናት። ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ጠቆር ያለ ስለሆነ ስሙን ያወጣላት እሱ ራሱ ነው። ያኔ ሁለታችንም ጎረምሶች ነበርን። እኔ እዚሁ ማዕዘን ላይ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት የአንኮበር ተሳፋሪ ይጭናል። ዛሬ ባንክና ፎቅ የቆመበት ሁሉ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበር ብላቸው ልጆቹ አያምኑኝም። ቴትሮን ሱሪ የጀመረበት ዘመን ነው፤ ከታች እየሰፋ ሄዶ ጫማውን የሚውጥ፣ ከላይ ደግሞ እንኳን እጅ ሳንቲም የማይገባበት። እኔ ነኝ ለዚህ ከተማ ጎረምሳ ያንን ሱሪ የሰፋሁለት። አባቶቻቸው መጥተው «ልጄን ምን አለበስከው?» እያሉ ይቆጡኛል፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው አባት ለራሱ ካኪ ኮት ሊያስለካ ይመጣል። ሱሪ አሰፍቶ፣ ሻይ በዳቦ በልቶ፣ አንኮበር ደርሶ ለመመለስ ከፍሎ፣ ከአንድ ዐሥር ብር ላይ ሰው መልስ የሚቀበልበት ጊዜ ነበር። የዛሬን ዋጋ አልናገርም፤ ደሜ ከፍ ይላል፣ ሐኪሙም ከልክሎኛል።

ሸዋንግዛው ከመንዝ የመጣ ጥቁር በርኖስ ደርቦ፣ የቆዳ ቆቡን ወደ አንድ ጎን ሸርተት አድርጎ ነበር መሪ የሚይዘው። የፊት ጥርሱ አንዱ ስለሌለ በዚያች ክፍተት በኩል ያፏጫል፤ በሬዲዮ የሚለቀቀውን ዘፈን ሁሉ ከዘፋኙ ቀድሞ ይጨርሰዋል። በገበያ ቀን የሰፋሁትን ልብስ በጆንያ ጠቅልዬ ከእሱ ጋር ወደ አንኮበሯ ከተማ ወደ ጎረቤላ እወርዳለሁ። ከኋላ ጥላቸውን የታቀፉ ቄሶች፣ ቅቤ የያዙ ሴቶች፣ እግሩን የታሰረ በግ፣ ከአልዩ አምባ ያመጡትን በርበሬ አራግፈው የሚመለሱ የአርጎባ ነጋዴዎች፣ ሁሉም እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቀመጣሉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሸዋንግዛው ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ ፈትቶ በፎሌ ይለቃታል። ያን ጊዜ ንፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ቄሶቹ ያማትባሉ፣ ነጋዴዎቹ «ያ አላህ» ይላሉ፣ እሱ ያፏጫል። ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ሁለቱንም እላለሁ።

የፊት መቀመጫዎቿን ሸራ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። አረንጓዴ የድንኳን ሸራ ነበር፤ ሁለት መርፌ ሰብሮብኛል። ባለፈው ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ሳያት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ፀሐይ ቀለሙን በልታዋለች እንጂ ስፌቱ አልተረታም። በዚህ ዕድሜዬ ከሠራሁት ነገር ውስጥ እንዲህ የቆየልኝ ምን እንዳለ አሰብኩና ሌላ አልመጣልኝም።

ሸዋንግዛው ግን እንደ ስፌቴ አልጸናም። ባለቤቱ ቀደም ብላ አርፋለች፤ እሱ ባለፈው ክረምት ወደቀ። የቀኝ ጎኑ ሰነፈ፣ አንደበቱ ተያዘ። ብቸኛ ልጁ ሮማን ከአዲስ አበባ እየተመላለሰች ስታስታምመው ከረመች። ደግ ልጅ ናት፤ ሥራዋንም ትዳሯንም ይዛ እንዲህ መንከራተት ቀላል አይደለም። ቤቱ ስሄድ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ያየኛል፤ ያወቀኝ ይሁን አይሁን ግን ፊቱ አይናገርም። እየቆየ ሰው ሁሉ እሱ ባለበት ስለ እሱ ማውራት ለመደ። «በላ? ተኛ? ይሰማል እንዴ?» እንባባላለን፣ እሱ በመካከላችን ተቀምጦ። እኔም ከሰዎቹ አንዱ ነበርኩ።

በመጨረሻ ሮማን ቆረጠች። አባቷን አዲስ አበባ ወስዳ ከእሷ ጋር ልታስቀምጠው፣ ቤቱን ልታከራይ፣ ዳማን ልትሸጥ። «ጋሼ መኩሪያ፣ እኔ ያለሁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናዋን የት ላድርጋት?» አለችኝ። ገዢም ተገኝቶላታል፤ አንኮበር ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ነው። አሮጌ ላንድሮቨር ለጎብኚ ያምራል ብሎ ወዷታል። ግን የድሮው ሞተር ተሰንጥቋል፤ ሰውየውም በብርድ ጠዋት እየገፋ የሚያስነሳት መኪና አይፈልግም። «ዘመናዊ ሞተር ግጠሙላትና አንኮበር ደርሳ ያለ እንከን ትመለስ፤ ያን ቀን እወስዳታለሁ» አለ። ስለዚህ ከተጋጨ ሚኒባስ የወጣ ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ተገዛና ዳማ ሆድ ውስጥ ተቀበረ።

የቀበረው ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ከወለጋ በኩል ተፈናቅለው ከመጡት ውስጥ ነው፤ ቤተሰቡ አሁንም ከከተማው ጫፍ መጠለያ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ የራሱ ጋራዥ ነበረው። እዚህ የሰው ጋራዥ ውስጥ አንድ ጥግ ተሰጥቶት፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይሠራል። ሥራው ንጹሕ ነው። የድሮውን ሞተር ማቀፊያ ቆርጦ ለአዲሱ ሲበይድለት ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ሰው ሁለት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ነው የሚቆርጠው። ያን ጠዋት ወደ እሱ ስሻገር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ራሱን ይነቀንቃል።

«አባባ፣ ይቺ መኪና እያሾፈችብኝ ነው» አለኝ።

«ምን ሆነች?»

«ይኸው ይሸትዎታል። ዛሬ ከመጠን በላይ ጠግባለች። ትናንት ደግሞ ርቧት ዳገት ላይ ሞታብኛለች።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ግን ሲያስረዳ ይገባኛል። ድሮ ካርቡራተር እያለ ቤንዚኑ በትንሽ ገንዳ ተጠራቅሞ ሞተሩ እየሳበ ይጠጣ ነበር። ኢንጀክሽን ግን የሚስብ አይደለም፤ ፓምፑ በግፊት ያመጣለታል፣ ኢንጀክተሮቹ፣ መርጫዎቹ፣ ለክተው ይረጩለታል። ግፊቱ ከወረደ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፣ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ብዙ ሲፈልግ ያጣና ይጠፋል። «እኔ ደግሞ አነሳት ብዬ በላፕቶፑ ልኩን ጨመርኩላት» አለ ደሳለኝ። «በነጋታው ግፊቱ በራሱ ጊዜ ተመልሶ ያገኛታል፤ ያኔ የጨመርኩት ይተርፍና እንዲህ ትጨሳለች። ስቀንስላት ደግሞ ዳገቱ ላይ ትጠብቀኛለች።»

«ፓምፑስ?»

«ቀየርኩት። ፊልትሮውንም ቀየርኩ። ኢንጀክተሮቹን አወጣሁና አጠብኳቸው። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ በአየር ነፋሁት፣ ንጹሕ ነው። ብቻዬን በሜዳው መንገድ ጫጫ ድረስ ነዳኋት፤ እንደ አዲስ ነው የሄደችው። አንኮበር ስንሄድ ግን፣ ሁሌ ስንመለስ፣ ከጎረቤላ መውጫው ዳገት ላይ ቀጥ። ትንሽ ስታርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ ቤቷ ትገባለች። ሙቀት ነው ብዬ ቱቦዎቹን ሁሉ ጠቀለልኩ። አይደለም።»

ሮማን ከኋላ መጣች፤ አባቷን በክንዱ ደግፋ። እሱን ብቻውን ቤት ትታ መውጣት አትችልም፤ ደግሞ የዳማን ድምፅ ሲሰማ ከበሩ ላይ ለመነሣት ይታገላል፣ ፊት ወንበሯ ላይ ሲያስቀምጡት ግን ዝም ይላል። ስለዚህ በሙከራው ሁሉ ይዛው ትሄዳለች። «ጋሼ፣ ሰውየው በመጪው እሑድ ይመጣል» አለችኝ። «ዛሬም ከሞተች ለብረት ለቃሚ እሰጣታለሁ። ደክሞኛል። እባክዎ አብረውን ይሂዱ፤ እርስዎ ሲኖሩ አባዬም ይረጋጋል።» ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሱቄን ዘጋሁ።

ደሳለኝ ከሁሉ በፊት አንድ ክብ መለኪያ አወጣና ረጅም ቱቦ ከሞተሩ የቤንዚን መስመር ጋር አገናኝቶ፣ መለኪያውን ከፊት መስተዋቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። «መርፌዋን ሁላችንም እናያታለን። የምትወርድበትን ሰዓት ካየን የበሽታዋን ቦታ እናገኛለን» አለ። ሸዋንግዛው ከፊት፣ ከደሳለኝ ጎን፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ተቀመጠ። እኔና ሮማን ከኋላ ገባን።

መንገዱ አሁን ያማረ ነው። እኛ በጭቃ ወርደን ስንገፋ የዋልንበት ቦታ ሁሉ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል፤ የምናርፍባቸው ሻይ ቤቶችም የሉም፣ ማን ይቆማል? የባቄላው ማሳ ግን ያው ነው፣ የድንጋይ ቤቶቹም ያው ናቸው፣ በጎቹም መኪና አይተው ዛሬም አይነሡም። ዳማ እያንጎራጎረች ትሄዳለች። ድምፅዋ ተለውጧል፤ የድሮው ሞተር ይንተፋተፍ ነበር፣ ይሄ ቀጥ ብሎ ይናገራል። ሸዋንግዛው ይሄን ድምፅ ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ ከኋላ አንገቱን አያለሁ። አንገቱ ቀጥኗል። ያ በፉጨቱ መኪና ሙሉ ሰው ፍርሃቱን ያስረሳ የነበረ ሰው ነው። እንባዬ መጣ፤ ሮማን እንዳታየኝ ወደ ውጭ ዞርኩ።

ጎረቤላ ወረድን፣ ከተማው መጨረሻ ድረስ ሄድን፣ ዞርን። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ዳገቱ ተጀመረ። ደሳለኝ ማርሽ ቀነሰና ረገጣት፤ ዳማ አጓርታ ወጣች። «ይኸው» አለ፣ «ይኸው፣ ይኸው፣ እየሄደችልን ነው።» ከታች ጉም ከገደሉ እየወጣ ነበር። እጥፋቱን እንደጨረስን ከሥራችን ፓምፑ ማላዘን ጀመረ። መርፌዋ ዘንበል አለች። ሞተሩ አንዴ ሳል፣ ሁለተኛ ሳል አለና ጸጥ።

ደሳለኝ ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ሮማን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያን ጊዜ ነው የፊት ወንበሩ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ሸዋንግዛው ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ነው።

«አባዬ! አመመህ?» ሮማን ከኋላ ተንጠራርታ ጋቢውን ገለጠችው። አላመመውም። ይስቃል። ዓይኑ እስኪያነባ ይስቃል።

«ከታመመ ጀምሮ ስቆ አያውቅም» አለችኝ። «አሁን ምኑ ያስቃል? አዩት ጋሼ? አለቀ እኮ፤ አእምሮው አለቀ።» ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ግን ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ።

ያ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው ጊዜ፣ መኪና ያለው ሰው መኪናው የራሱ ያልነበረበት ጊዜ ነበር። ካኪ የለበሱ ሰዎች ይመጡና «ለሥራ ትፈለጋለች» ይላሉ፤ ቁልፍ መስጠት ነው። የወሰዷትን መኪና ከመለሷት ጎማዋ አልቆ፣ ፍሬኗ ጠፍቶ ነው። የሸዋንግዛው እናት፣ ሚስቱ፣ ገና ጡት ያልተወችው ሮማን፣ ሁሉም በዳማ ገቢ ነው የሚያድሩት። አንድ ቀን ሱቄ መጣና «የመቀመጫ ሸራ ስፋልኝ፤ በመካከል በኩል ባለው ጎኑ ደግሞ እጅ የምታስገባ ስንጥቅ ተውልኝ» አለኝ። «ለምን?» አልኩት። «ዝም ብለህ ስፋ» አለኝ። ጠርዟን እንደ ትልቅ የቁልፍ ቀዳዳ ዘምዝሜ ሰፋሁለት። የዳማ የቤንዚን ታንክ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው ያለው፤ ለካ ከታንኩ በሚወጣው ቱቦ ላይ ትንሽ የናስ መዝጊያ አስገብቶባት ኖሯል። ሰዎቹ ሲመጡ «እሺ ጌቶቼ፣ ትንሽ ታማለች እንጂ» ይልና፣ ቁልፉን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል መዝጊያውን ያዞራታል። ካርቡራተሩ ገንዳ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ከበረንዳዬ እስከ ወፍጮ ቤቱ ታደርሳቸዋለች። እዚያ ሳል፣ ሳል፣ ጸጥ።

ያን ሰዓት ሸዋንግዛው የእኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰዎቹ እንዳይሰሙት ፊቱን የካኪ ጥቅል ውስጥ ቀብሮ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ይስቃል። ከዚያ ፊቱን አጥቦ፣ ሐዘንተኛ መስሎ ይወጣል። «ምነው ጌቶቼ፣ ታማለች ብያችሁ አልነበረም?» ገፍተው፣ ተራግመው ይመልሱለታል። እነሱ ዞር ሲሉ መዝጊያዋን ይከፍትና በነጋታው አንኮበር ነው። ከተማው ሁሉ የዳማን ሕመም ያውቅ ነበር፤ መድኃኒቱን የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጊዜው ሲያልፍ «ነቅዬ ጣልኳት» አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ረሳሁትም።

ከኋላ ሆኜ አጎነበስኩ። የጋቢውን ጫፍ ሳነሣ የሸዋንግዛው ግራ እጅ፣ ደኅነኛው እጁ፣ እኔ በዘመዘምኳት ስንጥቅ ውስጥ እስከ አንጓው ገብቷል። የስንጥቋ ጠርዝ በቅርብ ጊዜ እጅ ሲመላለስባት የከረመች ናት፤ ልብስ ሰፊ ይህን አይስተውም። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። ሳቁ ቆመ። እንደዚያ ጊዜው ሁሉ፣ እንዳትናገር ብሎ አየኝ።

አንድ ልቤ ዝም በል አለኝ። ዝም ብል ዳማ ታማ ትቀራለች፤ እሱ ግን አእምሮው አለቀ እንደተባለ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ልጅቷም ጎኔ ሆና ታለቅሳለች። «ሸዋ፣ ይቅር በለኝ፣ ዘንድሮ እናገራለሁ» አልኩትና ለሮማን ጋቢውን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ከዚያ ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ስንጥቋን፣ መዝጊያዋን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የካኪውን ጥቅል።

መጀመሪያ የሳቀው ደሳለኝ ነው። መሪውን እየደበደበ ሳቀ። «ግማሹን ነው የሚዘጓት! ሜዳ ላይ እንዳትታወቅ፣ ዳገት ላይ እንድትጠፋ! ሲመለሱ ደግሞ ይከፍቷታል! መዝጊያዋንማ አይቻት ነበር፤ ክፍት ስለሆነች የድሮ ናት ብዬ ተውኳት! እኔ ላፕቶፕ ይዤ ከሰንሰር ጋር ስጣላ፣ እርስዎ ጎኔ ተቀምጠው በእጅዎ ልክ ሲያወጡልኝ!» ወደ ሸዋንግዛው ዞሮ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ አለለት። «አባባ፣ እስቲ ይክፈቱልኝና እንያት።»

ሸዋንግዛው ልጁን አየ፣ እኔን አየ። ከሸራው ውስጥ የሆነች ነገር ስትዞር ሰማን። ደሳለኝ ቁልፉን አዞረ፤ ፓምፑ አጭር ድምፅ አሰማና መርፌዋ ተነሥታ ቦታዋ ላይ ቀጥ አለች። ዳማ በመጀመሪያው ተነሣች።

ሮማን ከኋላ ወርዳ ዞራ መጣችና የአባቷን በር ከፈተች። እግሩ ሥር፣ አስፋልቱ ላይ፣ ተንበረከከች። «አባዬ» አለች፣ «እስካሁን ስንናገር የነበረውን ሁሉ ትሰማ ነበር?» ዐይኑን ጨፈነና ገለጠ። ስታለቅስ ራሷን በግራ እጁ ዳበሳት።

ደሳለኝ ሳቁን ትቶ ነበር። ፊቱን ወደ መስተዋቱ አድርጎ፣ መለኪያዋን እያየ ተናገረ። «እትዬ ሮማን፣ ነገሩ የእኔ አይደለም። እኛ ከቤታችን ስንወጣ አባቴን ማንም አልጠየቀውም። ጊዜም አልነበረ። እስከ ዛሬ የበሩን ቁልፍ ኪሱ ይዞ ነው የሚያድረው። እርስዎ ግን ለመጠየቅ ጊዜ አለዎት።»

ሮማን አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። አባቷን ቀና ብላ አየችው። በታመመ በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ እኛ ሁላችንም ስለ እሱ ስንመክር፣ እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሞተሩ ሳይረገጥ በለሆሳስ ይሠራል፤ ከገደሉ የመጣው ጉም በክፍቱ በር ይገባል።

«አባዬ» አለች፣ «ዳማን ልሽጣት? አዲስ አበባ ከእኔ ጋር እንሂድ?»

ሸዋንግዛው ራሱን አልነቀነቀም፣ አላጉረመረመም። ግራ እጁን ከራሷ ላይ አነሣና ቀስ ብሎ ወደ ሸራው ስንጥቅ መለሰው። ሁላችንም መርፌዋን አየን። ፓምፑ ማላዘን ጀመረ። መርፌዋ ዘንበል አለች፣ ወረደች። ዳማ አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፣ ጸጥ አለች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም፤ ከሰማሁት ግን ብዙ ዘመኑ ነው። አየር ነበር፣ ዜማም አልነበረውም፤ በዚያች በጠፋችው የፊት ጥርስ ክፍተት በኩል ሊያፏጭ እየሞከረ ነበር።

ሮማን እያለቀሰች ሳቀች። ተነሥታ ጋቢውን እስከ አገጩ ሰበሰበችለት፣ ግንባሩን ሳመችው።

«እሺ፣ ሰማሁ» አለችው። «አትሸጥም፤ አንተም አትሄድም። በል አሁን ክፈትልን፣ ቤታችን እንግባ።»

መርፌዋ ተነሣች።